ግድብ፣ መስኖና የድንበር ወንዝ፦ ከጅማና ከአካባቢው ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ ግድብና ስለ ድንበር ወንዝ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከአሰንዳቦ፣ ከሰቃም ሳይቀር መጣ። ሥራዬ የወንዝ ፍሰት ልኬት ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የማውቀው የኦሞ ጊቤን ተፋሰስ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሰፋ ያለ መልስ የሚፈልገውን አስፍቼ፣ በአጭሩ የሚያልቀውን በአጭሩ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባይም፣ ኦሞም፣ ተከዜም የድንበር ወንዝ ሲባሉ እሰማለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ አይደሉም ልጄ። ድንበር የሚሻገር ወንዝ አለ፤ ራሱ ድንበር የሆነ ወንዝም አለ። አባይ ይሻገራል፤ ጉባ ላይ ሁለቱም ዳር የኛው ነው፣ ትንሽ ወረድ ሲል ሱዳን ይገባል። ተከዜ ግን ታች ሲወርድ ሰቲት ይባልና ለተወሰነ ርቀት የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን ይሆናል፤ ከዚያ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። በምዕራብ አኮቦ ከደቡብ ሱዳን ጋር፣ በደቡብ ዳዋ ከኬንያ ጋር በከፊል ወሰናችን ናቸው። ኦሞ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ መንገዱን በሙሉ በአገራችን ጨርሶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፣ የሐይቁ አብዛኛው ክፍል ግን የኬንያ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ግድብ ሲታሰብ ነው። በሚሻገር ወንዝ ላይ የምትሠራው በራስህ መሬት ነው፤ ክርክሩ ከታች ላለው ሰው ስለሚደርሰው ውሃ ይሆናል። ወሰን በሆነ ወንዝ ላይ ግን የግድቡ አንዱ ጫፍ የሚያርፈው በጎረቤት አገር መሬት ላይ ስለሆነ ስምምነቱ ከቁፋሮው መቅደም አለበት።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው አጋሮ ነው። ከድንበር ይህን ያህል ርቀን ስለ ድንበር ወንዝ ምን አገባን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከማንም በላይ ያገባችኋል። በጎማ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ደዴሳን ይዞ አባይ ይገባል፤ ከዚያ ሕዳሴ ግድብ፣ ሱዳን፣ ግብፅ፣ በመጨረሻም ሜዲትራንያን ባሕር። የጅማ ከተማ ውሃ ደግሞ የሚሄደው ወደ ሌላ ነው። አዌቱ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከግልገል ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ከኦሞ ወደ ቱርካና። ጎጀብም በሌላ በኩል ወርዶ ኦሞን ይቀላቀላል። በአንድ ዞን ውስጥ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ኮረብታዎች የአንዱ ዝናብ ግብፅ፣ የሌላው ኬንያ ይደርሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በአገራችን ብዙ የለም፤ እኔ በዚህ እኮራለሁ፣ ኃላፊነቱም ያስጨንቀኛል።

በክረምት አንድ ሰው ከአዌቱ ድልድይ ላይ የወረወረውን ባዶ ሃይላንድ ቦዬ ካላስቀረው ጉዞው እስከ ግልገል ጊቤ ግድብ ነው። እስካሁን የቀለለልን ቦዬ ደለሉንም ቆሻሻውንም እያጣራ ስለሚያስቀር ነው። ረግረጉን እየደፈንን ቤት ከሠራንበት ግን ማጣሪያችንን በገዛ እጃችን አጠፋነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ግድብ ውሃ ይጨርሳል ይላል፣ ሌላው ያው ተመልሶ ይፈሳል ይላል። ማንን እንመን? (ብዙ ሰዎች)

መልስ፦ ሁለቱንም፤ የሚወስነው ግድቡ የተሠራበት ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ ውሃ ይበደራል፣ መስኖ ግን ውሃ ይበላል። ስለ ድንበር ወንዝ ከሚነሳው ክርክር አብዛኛው ይህ ልዩነት ስለሚዘነጋ የሚነሳ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ግልገል ጊቤ 2ን ውሰዱ። ከግልገል ጊቤ 1 የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ በፎፋ ተራራ ውስጥ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ሲወርድ 420 ሜጋዋት ይገኛል። ወደ ማጀት እናምጣው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ ያንን ከፍታ ሲወርድ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በዚህ ኃይል 20 ደቂቃ ይሠራል። እንጀራው ከወጣ በኋላ ያ 1,000 ሊትር ውሃ ኦሞ ውስጥ እንዳለ አለ፤ ታች ደግሞ ጊቤ 3 ጠብቆ እንደገና ያሠራዋል። የሚጎድለው ከግድቡ ሐይቅ ላይ የሚተነው ነው፤ እሱም በደጋው ከቆላው ያንሳል።

አሁን ወደ መስኖው እንሂድ። አንድ ሄክታር ሸንኮራ አገዳ በቆላ ሙቀት በዓመት ከ15,000 እስከ 25,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። ዝናቡ ጥቂቱን ይሸፍናል፣ የቀረው ከወንዙ ይቀዳል፤ ከዚያም አብዛኛው በቅጠሉ በኩል ተንኖ አየር ይሆናል። 100,000 ሄክታር ሲሆን በቢሊዮን ሜትር ኩብ መቁጠር እንጀምራለን። ጊቤ 3 ላይ በዓመት የሚያልፈው ውሃ በአማካይ ወደ 14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ እርሻ ከወንዙ ከአሥር አንዱን ወይም ከዚያም በላይ ይወስዳል።

አንድ ግድብ ለሁለቱም ሲሠራ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ጠቡ የመጠን ብቻ ሳይሆን የወርም ይሆናል። ኤሌክትሪክ ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚፈስ ውሃ ይፈልጋል፤ ሰው በመስከረምም በሚያዝያም መብራት ያበራልና። መስኖ የሚፈልገው በበጋ ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት። ውሃ ሸሽ መሬት የሚያርሰው ሰው ደግሞ በነሐሴና በመስከረም ወንዙ ሞልቶ እንዲወጣለት፣ ከዚያ እንዲሸሽለት ይጠብቃል። ለሦስቱም እኩል የሚበጅ አለቃቀቅ የለም። ማን ይቅደም የሚለውን ኢንጂነር ብቻውን ሊወስን አይገባም፤ ከወንዙ የሚኖሩት ሰዎች የሚሰሙበት ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሕዳሴ መስኖ አለው?

መልስ፦ የለውም። 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀ የኃይል ግድብ ነው። ውሃው በተርባይን አልፎ ሱዳን ይገባል፤ የክረምቱ ሙላት ስለሚቀንስና የበጋው ፍሰት ስለሚጨምር ሱዳን ውስጥ ያለው መስኖ ሊጠቀምበት ይችላል። ለዚህ ግን መቼ ምን ያህል እንደሚለቀቅ ታች ያሉት አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ በሁለት አገር ወሰን ላይ የተሠራ ግድብ ኃይሉን እንዴት ነው የሚካፈሉት? ማን ነው ማብሪያውን የሚይዘው?

መልስ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ቀላሉ መንገድ በየዳሩ የየራስን ማመንጫ መሥራት ነው። ኢራንና የያኔዋ ሶቪየት ኅብረት ናኺቼቫን አጠገብ በአራስ ወንዝ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ግድብ በእያንዳንዱ ዳር 22 ሜጋዋት ማመንጫ አለው፤ ሐይቁ ለሁለቱም አገሮች መስኖ ያገለግላል። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የወዲያኛው ዳር ለአዘርባጃን ሆነ፣ ግድቡ ግን ሥራውን ቀጠለ።

ትልቁ ኢታይፑ ነው፤ በፓራና ወንዝ ላይ፣ በብራዚልና በፓራጓይ መካከል። ስምምነቱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፣ ማመንጨት የጀመረው በ1984። 20 ተርባይኖች፣ በጠቅላላው 14,000 ሜጋዋት። ግማሹ የብራዚል፣ ግማሹ የፓራጓይ ነው፤ ነገር ግን የብራዚል ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ (60 ሄርዝ)፣ የፓራጓይ 50 ጊዜ (50 ሄርዝ) የሚመላለስ ስለሆነ አሥሩ ተርባይኖች በአንዱ፣ አሥሩ በሌላው ተሠሩ። ፓራጓይ ትንሽ አገር ናት፤ ድርሻዋን ሁሉ መጠቀም አትችልም። ስምምነቱ ደግሞ የተረፋትን ለብራዚል እንድትሰጥ እንጂ ለሌላ እንድትሸጥ አይፈቅድላትም ነበር። በዚህ ዋጋ ላይ ለአሥርት ዓመታት ተከራከሩ። የግድቡ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ስለ ዋጋው እንደገና የሚደራደሩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፤ ውሃውን እኩል መካፈል ቀላሉ ክፍል ነበር፣ የከበደው የትርፉ ሽያጭ ነው።

ዛምቢያና ዚምባብዌ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለውን የካሪባ ግድብ በጋራ መሥሪያ ቤት ያስተዳድራሉ፤ መሥሪያ ቤቱ የሐይቁን መጠን እያየ በየዓመቱ ለሁለቱ እኩል ውሃ ይመድባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ድርቅ ሲመታቸው ግን ሁለቱም አብረው ጨለሙ። ስምምነት ዝናብ አያዘንብም።

እኔን ይበልጥ የሚገባኝ የሴኔጋል ወንዝ ነው። ማሊ፣ ሞሪታኒያና ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1972 የጋራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ከዚያም የሚሠሩት ግድብ በማንም መሬት ላይ ይሁን የሦስቱም የጋራ ንብረት እንዲሆን ተስማሙ። ማናንታሊ ያለው ማሊ ውስጥ ነው፤ ከ200 ሜጋዋቱ ማሊ 52 በመቶ፣ ሴኔጋል 33 በመቶ፣ ሞሪታኒያ 15 በመቶ ይወስዳሉ። ታች ወንዙ የሞሪታኒያና የሴኔጋል ወሰን በሆነበት ዲያማ የሚባለው ግድብ የባሕር ጨዋማ ውሃ ሽቅብ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ለመስኖም ያግዛል። ከኛ የማይበልጡ ድሃ አገሮች ናቸው ይህን ያደረጉት።

ጥያቄ፦ ጊቤ 3 ቱርካናን ሊያደርቀው ነው ይባል ነበር። አሁን ደግሞ ሐይቁ ሞልቶ ሰው አፈናቀለ እንሰማለን። የቱ ነው እውነቱ? (የመርካቶ ነጋዴ፣ ጅማ)

መልስ፦ ሁለቱም የተወሰነ እውነት አላቸው።

ቱርካና መውጫ የለውም። ከሚገባበት ውሃ ከአሥር ስምንት ወይም ዘጠኝ እጁ የኦሞ ነው፣ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ትነት ብቻ ነው። በዚያ በረሃ ከሐይቁ ላይ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ውሃ ይተናል። ስለዚህ ኦሞ ላይ የምናደርገው ሁሉ በሐይቁ ከፍታ ላይ ይነበባል። ጊቤ 3 መሞላት የጀመረው በጥር 2007 ዓ.ም. ነው፤ የሚይዘው ውሃ የወንዙን የአንድ ዓመት ፍሰት ያህል ነው። በሚሞላበት ጊዜ ሐይቁ ወርዷል፤ ይህ በሳተላይት ታይቷል፣ የሚካድ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ያስገባቸውም ከዚሁ ጋር አያይዞ ነው። ግድቡ ከሞላ በኋላ ግን ተርባይኑን ያለፈው ውሃ መልሶ መውረድ ጀመረ፤ ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ የጣለባቸው ዓመታት ተከታተሉ፣ ሐይቁም ወጣ። በኦሞራቴ ዙሪያ ዳሰነቾች መኖሪያቸውንና ግጦሻቸውን ውሃ ወሰደባቸው። ኃይል ማመንጫ ውሃ ይበደራል ያልኩት ይኸው ነው፤ ተበደረ፣ መለሰ።

ያልተመለሰው ግን አለ፤ እሱም የነሐሴው ሙላት ነው። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራ፣ ሙርሲ ከዘመን ዘመን ማሽላ የሚዘሩት ኦሞ ሞልቶ በሸሸበት እርጥብ ዳር ላይ ነበር። ግድቡ ፍሰቱን እኩል ሲያደርገው ያ ሙላት ቀረ። በዕቅዱ ላይ በየዓመቱ ለአሥር ቀን ያህል ሰው ሠራሽ ሙላት ይለቀቃል ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ለእርሻው የሚያስፈልገው ሙላት ግን እንደታሰበው አልደረሳቸውም። ይህ ግፍ ነው የምለው ያለ ማመንታት ነው። ግድቡ መሠራት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ድንገት ሞልቶ በዳሰነች ምድር 364 ሰው ገድሏል፤ 1,870 ሜጋዋቱም አገር የሚያሠራ ኃይል ነው። መብራቱን ያገኘን እኛ ማሽላቸውን ላጡት ሰዎች ምትኩን የመስጠት ዕዳ አለብን ነው የምለው።

ወደፊት ሐይቁን ሊያወርድ የሚችለው መስኖው ነው። በኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት መጀመሪያ 175,000 ሄክታር ታቅዶ በኋላ ወደ 100,000 ተቀንሷል። ከላይ ያለውን ስሌት አስታውሱና ራሳችሁ ፍረዱ።

ጥያቄ፦ እኔ የአሰንዳቦ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ግልገል ጊቤ መሬታችንን ወሰደ፤ መብራቱም ብዙ ዘመን በላያችን አለፈ። ውሃው እንኳ ከፊታችን ተኝቶ ለምን መስኖ አልሆነንም?

መልስ፦ አባባ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ግልገል ጊቤ 1 ሲታቀድ ለኃይል ብቻ ነው የታቀደው፤ 1996 ዓ.ም. ሲመረቅም 184 ሜጋዋት እንጂ መስኖ አልነበረበትም። አንዱ ምክንያት ውሃው ከማሳው በታች መሆኑ ነው፤ ወደ ላይ በፓምፕ መግፋት ይጠይቃል። ሌላው፣ ከዚያ ሐይቅ የተቀዳ ውሃ ግልገል ጊቤ 1ን፣ ግልገል ጊቤ 2ን፣ ጊቤ 3ን ሦስቱንም ያልፋቸዋል፤ ሳያሠራቸው ይቀራል።

ይህ ግን እናንተን ለመከልከል በቂ ምክንያት ነው ብዬ አላምንም። እስቲ እናስላው። ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ ለአንድ ሄክታር 6,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃቸዋል። ለ100 ሄክታር 600,000 ሜትር ኩብ ሆነ። ሐይቁ ሲሞላ የሚይዘው 900 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ለትልቅ እርሻ ውሃ መመደብ የሚችል አገር መሬቱን ለለቀቀለት ገበሬ ይህን መንፈጉ አይገባም። ቀበሌያችሁ ተሰብስቦ በማኅበር ቢጠይቅ፣ ስሌቱን ጽፌ አብሬያችሁ እቆማለሁ።

አንድ አደራ ግን አለኝ። በግንቦት ሐይቁ ሲሸሽ ዳሩ ላይ የሚዘሩ ሰዎች አሉ። አፈሩ እርጥብና ለም ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እዚያ የሚታረሰው አፈርና የሚጨመረው ማዳበሪያ ግን ሐምሌ ላይ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዳሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ሣር መተው ብዙ ያድናል።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ግድቡ ወባ አመጣ ይላሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ላይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደንብ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናታቸው ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ቀበሌዎች የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ እንደሚያዙ አሳየ። በኋላ ለረጅም ጊዜ የተደረገው ክትትል ደግሞ ከርቀቱ ይልቅ ወራቱ እንደሚወስን አመለከተ። ስለዚህ ግድቡን ብቻ ተወቃሽ አድርገን ከቤት አጠገብ ያለውን ኩሬ እንዳንረሳ። ትንኟ የምትወደው ጥልቁን ውሃ ሳይሆን ሐይቁ ሲሸሽ በከብት ኮቴ ውስጥ የሚቀረውን ነው። ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አጎበሩ በየአልጋው መሰቀሉን ቤት ለቤት ማየት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

መስኖ ሲጀመር ደግሞ ቢልሃርዝያን አስቡ። ቅድም የጠቀስኩት የዲያማ ግድብ ጨዋማውን ውሃ ሲከለክል በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ተመቸውና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሪሻር ቶል የምትባል የሴኔጋል ከተማ ውስጥ በሽታው ተዛመተ። ቦዩን ሲቀይሱ ልጆች የሚታጠቡበትን ቦታ አብሮ መቀየስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ግልገል ጊቤ 2 ገና ከመመረቁ ዋሻው ተደረመሰ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጥር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተናደ። ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄ፦ ደለል ግድቡን ይሞላዋል ይባላል። ስንት ዓመት ቀረው?

መልስ፦ ዓመት ቆርጦ መናገር ደስ አይለኝም፤ የሚወስነው እኛ ከላይ የምናደርገው ስለሆነ። በሐምሌ ከግልገል ጊቤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውሃው ጠርቶ ከሥሩ ቀይ ጭቃ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ያ ጭቃ ከሰቃ፣ ከደዶ፣ ከቀርሳ ማሳ የመጣ የላይኛው አፈር ነው፣ ማለትም በቆሎ የሚያበቅለው።

ብዙ ሰው ደለል ከግድቡ ሥር ብቻ የሚከማች ይመስለዋል። ለእሱ ተብሎ ከውሃ መግቢያው በታች የተተወ ቦታ አለ፤ ሆኖም ደለሉ መጀመሪያ የሚጥለው ወንዙ ሐይቁን በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይረጋጋል፣ ከባዱን አፈር ያወርዳል፤ ስለዚህ ለኃይል የምንፈልገውን ቦታ ከላይ ጀምሮ ይይዝብናል።

ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ሱዳንን ማየት ይበቃል። በአትባራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው ኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር። አስዋን ግድብ ያፈናቀላቸው ኑብያውያን አዲስ ሐልፋ ሰፍረው በመስኖ የሚያርሱት በእሱ ነው። ዛሬ ግማሽ ያህሉን ደለል ይዞታል፤ ያ ደለል የመጣው ከኛ ደጋ ነው። እነሱ ውሃ አጡ፣ የኛ ገበሬ አፈር አጣ፤ የተጠቀመ የለም። ደለል ላይ ከጎረቤት ጋር የምንጣላበት ምክንያት የለም፣ ፍላጎታችን አንድ ነው።

ጅማ ውስጥ የሚሠራው ነገር የታወቀ ነው። በማሳ ጠርዝ ቬቲቨር ሣር፣ በገደላገደሉ እርከን፣ ወደ ታች ሳይሆን አግድም ማረስ። ከሁሉም የሚበልጠው በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ስለሚሸፍነው የዝናቡ ጠብታ አፈሩን አይመታውም። ቡናው ተነቅሎ ባሕር ዛፍ ሲተካ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው የቡና ዋጋ ስለሚያንገላታው እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የግድቡ ባለቤት ለቡናው ገበሬ ገንዘብ ቢመድብ ራሱን ነው የሚጠቅመው ብዬ የምከራከረው።

ጥያቄ፦ በግድብ አጠገብ ተቀምጠን ጅማ ለምን መብራት ይጠፋል?

መልስ፦ ከግልገል ጊቤ የወጣው ኃይል ቀጥታ ወደ ጅማ አይመጣም፤ በከፍተኛ መስመር ብሔራዊውን ቋት ይቀላቀላል፣ ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ ተቀንሶ ይመለሳል። የሚጠፋብን አብዛኛውን ጊዜ ኃይል አጥሮ ሳይሆን የከተማው መስመር፣ ትራንስፎርመሩ ወይም በክረምት የወደቀ የእንጨት ምሰሶ ነው። ግድብ መጨመር ይህን አይፈታውም።

ጥያቄ፦ ለኬንያ የምንሸጠው ኃይል ከኦሞ ውሃ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ እጅግ ይገናኛል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 2,000 ሜጋዋት ማስተላለፍ የሚችል መስመር አለ፤ ሽያጩ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በ200 ሜጋዋት ተጀምሯል። ናይሮቢ የሚበራው አምፖል ከፊሉ ወደ ቱርካና በሚወርድ ውሃ ነው የሚበራው። ስለዚህ ኬንያ የዚህ ወንዝ ደንበኛም ናት፣ የታችኛው ተፋሰስ ባለቤትም ናት። ያም ሆኖ በኦሞና በቱርካና ውሃ ላይ እንደ ሴኔጋሉ ያለ ስምምነት በመካከላችን የለም። በአባይ ላይ ቢያንስ የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ከጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

እኔ ብጠየቅ በኦሞ ላይ ቀድመን ስምምነት የምናቀርበው እኛ ብንሆን እመርጣለሁ። የላይኛው ተፋሰስ አገር ሰላም ባለበት ጊዜ ያቀረበው ሐሳብ ክብር አለው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ከጊቤ 3 በየቀኑ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅና ኦሞራቴ ላይ ምን ያህል እንደደረሰ ለሁለቱም ወገን በግልጽ ማሳወቅ። ኦሞራቴ ያለ አርብቶ አደር ሙላት ከመድረሱ ከቀናት በፊት ቢያውቅ ከብቱን ያወጣል። ኮይሻ ሲጠናቀቅ ደግሞ በወንዙ ላይ ሌላ ትልቅ ግድብ ይጨመራል፤ ከዚያ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አዌቱን ራሳቸው መለካት ይችላሉ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ሜትር፣ ገመድ፣ ሰዓትና አንድ ብርቱካን ብቻ ይበቃል። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን 10 ሜትር ምረጡና ሁለቱን ጫፎች ምልክት አድርጉ። ስፋቱን በገመድ ለኩ፤ ጥልቀቱን በዘንግ ከዳር እስከ ዳር በተለያየ ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ከዚያ ብርቱካኑን ከላይኛው ምልክት ትንሽ ወደ ወንዙ ላይኛ በኩል ከፍ ብላችሁ ጣሉትና ምልክቱን ካለፈበት ጀምሮ 10 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደሄደ ቁጠሩ፤ ደጋግሙት። ብርቱካን የሚሻለው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ ስለማይገፋው ነው።

ለምሳሌ ስፋቱ 6 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን የውሃው ጥልቀት በስፋቱ ሲባዛ 3 ሜትር ካሬ ነው። ብርቱካኑ 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ከጨረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው። ከላይ ያለው ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት። 3 ሲባዛ በ0.5 ሲባዛ በ0.85፤ በሰከንድ 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ። በየወሩ በአንድ ቦታ እየለካችሁ በደብተር መዝግቡ፤ ውሃው የት እንደደረሰ በድልድዩ ምሰሶ ላይም በቀለም ምልክት አድርጉበት። ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ማንም ልጅ ውሃው ውስጥ አይግባ፤ በሌላውም ቀን ቦት ጫማ ይልበሱ፣ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታልና። የአንድ ዓመት ልኬት ሲሞላላችሁ ላኩልኝ፤ ከዝናቡ መጠን ጋር አስተያይቼ እመልስላችኋለሁ።